የድሮ ዘመን ሰርግ በገዛ እጃችን፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ከስምንት ወር በኋላ ልንጋባ ነው። እኔም እጮኛዬም የድሮ ነገር ስለምንወድ ሰርጋችን ቪንቴጅ እንዲሆን፣ የጥሪ ወረቀቱንም ዲኮሩንም ራሳችን እንድንሠራው ተስማምተናል። ስልኬ በፎቶ ሞልቷል፣ ያየሁት ሁሉ ያምረኛል፣ እስካሁን ግን አንድም ነገር አልጀመርኩም። የአያቴን ቬሎ ልልበስ ብል እናቴ «ተይው፣ ላይሽ ላይ ይቀደዳል» አለችኝ። አዳራሹ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን እንዳይመስልም ፈርቻለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት ሙሽራ

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! በይ እንግዲህ፣ መጀመሪያ ፎቶ መሰብሰቡን አቁሚ። «ድሮ» የሚባል አንድ ዘመን የለማ። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ ቬሎ ቀጥ ያለ፣ ወገቡም ዳሌ ላይ የወረደ ነበር፤ ዓይነ ርግቡ ግንባር ድረስ ዝቅ ይላል። 1950ዎቹ ላይ ደግሞ ወገቡ ጥብቅ፣ ታቹ ሰፊ ነው፣ አንዳንዱም ቁርጭምጭሚት ሳይደርስ ይቀራል። መጋዘን የሚመስለው ይሄን ሁሉ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሲከቱት ነው። ላንቺ ዘመኑን አያትሽ መርጣልሻለች፤ እሷ ያገባችበትን ያዢና ቀለሙንም፣ የጥሪውን የፊደል ቅርጽም ከዚያው አውጪ። ከዚያ ጋር የማይሄደውን ቢያምርሽም እለፊው።

ቬሎውን በተመለከተ የእናትሽ ፍርሃት ልክ ነው፣ ግን ሳይታይ አይፈረድበትም። መስኮት ላይ ብርሃን አሳልፈሽ ብብቱን፣ ትከሻውን፣ ስፌቱን እዪው። ሐር ሲያረጅ ጭረት ጭረት እያለ ይሰነጠቃል፤ ከውስጥ በኩል ቀስ ብለሽ ሳብ ስታደርጊው ከተተረተረ ለጭፈራ አይሆንም። ቢጫ ሆኗል ብለሽ ደግሞ በረኪና እንዳታስነኪው፣ ሐርን ይፈጀዋል። ቢጫማው መልክ ለናንተ ሰርግ እንዲያውም ያምራል ባይ ነኝ፤ ነጭ ቬሎ ራሱ የገነነው የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በፈረንጆቹ 1840 ነጭ ለብሳ ካገባች ወዲህ ነው፣ ከዚያ በፊት ሙሽሮች በየቀለሙ ይለብሱ ነበር። ቬሎው የማይችል ከሆነ ዳንቴሉን ወይም ቁልፎቹን አዲሱ ቀሚስ ላይ አድርጊ። ልብስ ሰፊዋ ዳንቴሉን በእጅ፣ ሰፋ ሰፋ ባለ ስፌት ትያዘው፣ ኋላ ሳይቆረጥ ተፈቶ ይመለሳል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። 150 ጥሪ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ 25 ሰዓት ነው፣ የተበላሸው ሳይቆጠር! ስለዚህ ሁሉንም ልሥራ አትበይ፤ እንግዳ በእጁ የሚይዘውን ብቻ ምረጪ፣ ማለትም ጥሪውንና ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን የስም ካርድ። ጣሪያው ላይ የተንጠለጠለውን ማን ሠራው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ወረቀቱን በሻይ ማቅለም ካማረሽ መጀመሪያ ንከሪው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከመጻሕፍት ሥር አድርገሽ አቃኚው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ አሳትሚ። አሳትመሽ ከነከርሽው የብዙ ፕሪንተር ቀለም ይሟሟል። ጨርቅም ከሆነ ጥጥና ሊነን (ከተልባ ቃጫ የሚሠራው ጨርቅ) ሻይ ይጠጣሉ፣ ፖሊስተር ግን እምቢ ይላል፤ በቁራጭ ሞክሪ።

የናንተ መሆኑ የሚታወቀው ደግሞ በፎቶ ነው። ከሁለታችሁም ወገን የወላጅና የአያት የሰርግ ፎቶ ሰብስቡ፣ ጠረጴዛዎቹንም በቁጥር ፋንታ በነሱ ሰይሙ። ዋናውን ፎቶ ሙጫ እንዳታስነኩት፤ ስካን አድርጋችሁ ቅጂውን ተጠቀሙ። የደረቀ አበባና ዳንቴል አጠገብ የሚነድ ሻማ አይቀመጥም፣ የባትሪ ሻማ ይበቃል።

ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ያላለቀውን ተዪው። እጮኛሽንም «አንተ ምረጥ ብቻ» እያልሽ አታስቀምጪው፣ ከዛሬ ጀምሮ መቀስ ይያዝ።