መልስ፦ ንግግር ጠፍቶ መንዙማው እንዴት ሊቀር ቻለ?

ደሴ የሚኖሩት አያትዎ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው እንደዛለ፣ የሚነገራቸውን እየተረዱ ቃል ማውጣት እንደተሳናቸው፣ መንዙማ ሲሰሙ ግን አብረው እንደሚያዜሙ ጠቅሰው ምክንያቱን ጠይቀዋል። ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች አብዛኞቹ በአንጎል ግንድ ታችኛው ጫፍ ላይ ስለሚሻገሩ፣ ቀኝ እጅና እግርን የሚያዘው የግራው የአንጎል ክፍል ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዘንድ ንግግርም የሚደራጀው በዚያው ወገን በመሆኑ ሁለቱ ችግሮች ብዙ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በግራ ግንባር በኩል ያለው ስፍራ ሲጎዳ ሰው ሊናገር የፈለገውን እያወቀ ቃሉን ማውጣት ያቅተዋል። የሰሙትን ለመረዳት በአመዛኙ የሚያገለግለው ስፍራ ግን ከዚያ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ይገኛል።

በዜማ ረገድ የቀኙ ክፍል ሰፊ ድርሻ አለው፤ ዕድሜ ልክ ሲደጋገም የኖረ መንዙማም አዲስ ዓረፍተ ነገር የመፍጠርን ያህል ጥረት አይጠይቅም። ስለዚህ “እያስመሰሉ ነው” የሚለው የጎረቤት ሐሜት መሠረት የለውም። ሚዛን የሚጠብቀው ንዑስ አንጎልና ትንፋሽን የሚመራው የአንጎል ግንድ ከገለጻዎ እንደተረዳሁት የተነኩ አይመስልም፤ ማረጋገጫው ግን የሐኪም ምርመራ ነው። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎችም ዜማን ለልምምድ ስለሚጠቀሙበት፣ “ውሃ ስጡኝ” የመሰለ አጭር ሐረግ በዜማ አብረዋቸው ቢደጋግሙ መልካም ነው።