«ለመጫን ይጫኑ»፦ አንድ ቁልፍ ላይ የተገናኙ ሁለት ግሶች

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር አንድ የስልክ መተግበሪያ ወደ አማርኛ እየመለስን ነው። ስለ ቴክኖሎጂ የማንከራከርበት ነገር የለም። የትኛው ስልክ ይሻላል፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ሥራ ይነጥቃል ወይስ አይነጥቅም፣ ብቻ ሁሉም የየራሱ አስተያየት አለው። ሰሞኑን ግን የተጣላነው በአንዲት ቁልፍ ነው። አንዳችን «ለመጫን ይጫኑ» ብሎ ጻፈባት። ግማሾቹ ሳቁ። «አማርኛ ለዚህ አይሆንም፣ ኢንስቶል ያድርጉ እንበልና እንገላገል» አሉ። ለመሆኑ «ጫነ» ትክክል ነው ወይ? ቪዲዮስ «ጫንኩ» ነው ወይስ «ሰቀልኩ» የሚባለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ካነበብኩ በኋላ ሌላውን ደብዳቤ ሁሉ ወደ ጎን አደረግኩት። ስለ ግስ ስጠየቅ አያስችለኝም። ስም እንዋስ፣ ግድ የለኝም። ኮምፒውተርም፣ ባትሪም፣ ኢንተርኔትም ይግቡ። ግሱ ሲነካ ግን ዝም አልልም። የአማርኛ አጥንቱ ግሱ ነው።

መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን እንየው። «ለመጫን ይጫኑ» ስህተት የለበትም። እስኪ ጮክ ብለው ያንብቡት። የመጀመሪያው «ጫ» ይላላል፣ ሁለተኛው ይጠብቃል። የመጀመሪያው ግስ ጫነ ነው፤ ሁለተኛው ተጫነ። ጫነ ማለት ሸክምን በአጋሰስ ወይም በመኪና ላይ ማድረግ ነው። ተጫነ ደግሞ ከላይ ሆኖ ክብደትን ማሳረፍ ነው። «ተ»ዋ በንዑስ አንቀጹ («መጫን») እና በአንቱታው ትእዛዝ («ይጫኑ») ትዋጥና ጉልበቷን ለ«ጫ» ትተዋለች። ጆሮ ይህን ወዲያው ይለየዋል። ፊደላችን ግን ጥብቀትን አይጽፍም። ስለዚህ ጓደኞችዎ የሳቁት በቋንቋው ላይ ሳይሆን በጽሕፈቱ ላይ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ደግሞ ልብ ይበሉ። እነዚህ ሁለት ግሶች ሌላ ቦታ አይምታቱም። በትንቢት አንዱ «ይጭናል» ሌላው «ይጫናል» ነው፤ ፊደሉ ራሱ ይለያቸዋል። በቅርብ ሰው ትእዛዝ አንዱ «ጫን» ሌላው «ተጫን» ነው። የሚጋጩት በዋናነት ሁለት ቦታ ላይ ነው፦ «መጫን» በሚለው ንዑስ አንቀጽና «ይጫኑ» በሚለው የአንቱታ ትእዛዝ። የስልክ ቁልፍ ደግሞ የሚወዳቸው እነዚሁ ሁለቱን ነው። ችግሩ የአማርኛ ሳይሆን የዚያች ጠባብ ቁልፍ ነው።

«ታዲያ ለምን ተጫን አንልም?» ይሉ ይሆናል። ብዙ ስልኮች ላይ «ጫን»፣ «አውርድ»፣ «አጋራ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። እኔ አልወደውም። «ተጫን» ወንድ ነው፤ ሴቷ «ተጫኚ» ናት። ስልኩ የያዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። ለማያውቁት ሰው ደግሞ አማርኛ መልስ አለው፤ አንቱታ ጾታ አይለይም። እኔም የምጽፍልዎ በአንቱታ ነው፤ ወንድ ይሁኑ ሴት ከደብዳቤዎ አላወቅኩም። ተርጓሚዎች «ቁልፉ ጠባብ ነው፣ አጭር ቃል ይሻላል» ይላሉ። «ይጫኑ» እና «ተጫን» እኩል ሦስት ፊደል ናቸው።

አሁን ወደ ሥሩ ልውረድ። ጫነ የግእዙ ጸዐነ ነው። የግእዝ «ጸ» በአማርኛ አንዳንዴ «ጨ» ይሆናል፤ ጸልመ ጨለመ፣ ጼው ጨው። መካከል ያለችው «ዐ» ትጠፋና አናባቢዋን ትተዋለች፤ ሰዐመ ሳመ እንደሆነ ሁሉ። ስለዚህ ጸዐነ ጫነ፣ ጽዕነት ጭነት። ትግርኛ እስከ ዛሬ ጸዓነ ይላል። በግእዝ ተጽዕነ ሲባል ደግሞ መጫን ብቻ አይደለም፤ በእንስሳ ላይ መቀመጥ፣ መጋለብም ነው።

ከዚሁ ከተጽዕነ የመጣውን ሌላ ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፤ ተጽዕኖ። «ተጽዕኖ ፈጣሪ» የምንላቸው የማኅበራዊ ሚዲያ ሰዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ ሥር ነው። ጫኙም፣ ተጫኙም፣ ተጽዕኖ ፈጣሪውም የአንድ ግስ ልጆች ናቸው። አንዱ የአማርኛን መንገድ ይዞ ተለወጠ፤ ሌላው የግእዝ ልብሱን እንደለበሰ ቀረ። ዕብራይስጥም ዘመዱ አለው። ጣዓን ይሉታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት የዮሴፍ ወንድሞች እንስሶቻቸውን እንዲጭኑ ፈርዖን ያዘዘበት ቃል ነው። ዛሬ የዕብራይስጥ ተናጋሪ ፕሮግራም «ሎድ» ሲያደርግ ያንኑ ግስ ይጠቀማል፤ ስልኩን ቻርጅ ሲያደርግም ከዚያው ሥር የወጣ ግስ አለው። ማንም «ይህ የአህያ ቋንቋ ነው» ብሎ አልተወውም።

ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። «ጫነ የአጋሰስ ቃል ነው፣ ለሶፍትዌር አይመጥንም፣ የቴክኖሎጂ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ አንብቤያለሁ። ፈጽሞ አልስማማም። ስልክ የሚለውን ቃል ተመልከቱ። የዐረብኛው ስልክ ትርጉሙ ሽቦ ነው። ዛሬ ሽቦ የሌለውን ዕቃ በሽቦ ስም እየጠራን ማንም አልተቸገረም። ደወለ ከደወል ወጣ፤ ዛሬ ስልኩ ድምፁ ጠፍቶ ኪስ ውስጥ ቢንቀጠቀጥም «ተደወለልኝ» እንላለን። ቃል የተወለደበት ቤት ውስጥ ታስሮ አይኖርም።

ጫነ ደግሞ ብቻውን አልመጣም። ተቃራኒውን ይዞ ነው የመጣው። የተጫነ ይራገፋል። አራገፈ ከረገፈ ነው፤ ቅጠል ረገፈ፣ ዛፉን ነቅንቆ ፍሬውን አረገፈ፣ ሸክሙን አራገፈ። መተግበሪያ ከስልክ ሲወጣ «አራገፍኩት» ማለት እንዴት የሚያምር ነገር ነው! ስልኩ በእርግጥም ይቀለዋል። ይህን ጥንድ ማንም ኮሚቴ ተቀምጦ አልፈጠረውም፤ ተዘጋጅቶ ሲጠብቀን ነበር።

«ኢንስቶል አደረገ» ግን ምን ይወልዳል? ከጫነ ጭነት፣ መጫኛ፣ ጫኝ፣ አጫጫን፣ አስጫነ ይወጣሉ። «አጫጫኑን አላወቅኩም፣ ለልጁ አስጫንኩት» ይላሉ። በ«ኢንስቶል» ይህን ለማለት «ኢንስቶል አደራረጉን አላወቅኩም፣ ኢንስቶል አስደረግኩት» ሊሉ ነው። ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ምስኪኑ «አደረገ» ነው፤ የውጭው ቃል እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሴቭ አደረገ፣ ሼር አደረገ፣ ብሎክ አደረገ፣ ሪስታርት አደረገ። እንዲህ ከቀጠልን አማርኛ አንድ ግስ ብቻ ይቀረዋል ብዬ እፈራለሁ።

ለዚህም ነው ብዙ የቋንቋ ሰው የሚቆጣበትን «ጎገለ» እኔ የምወደው። አንዳንድ ወጣቶች «ጎግዬ አገኘሁት» ይላሉ። ጎገለ፣ ይጎግላል፣ ጎግሎ። ባዕዱ ቃል ሦስት ተነባቢ አምጥቶ በአማርኛ ሕግ ረባ። ትእዛዙ ደግሞ «ጎግል» ነው፤ ራሱ ስሙ። ከ«ጎግል አደረገ» ይህ በስንት ጣዕሙ! ከተዋስን አይቀር እንዲህ አድርገን እንዋስ። አብዛኛው ሰው ግን «ሰርች አደረግኩ» ነው የሚለው፤ ያን መካድ አልችልም።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። «ጫንኩ» ነው ወይስ «ሰቀልኩ»? ለእኔ ጆሮ «ጫንኩ» ነው። ሰቀለ ሲባል መስቀልና ስቅለት ይቀድሙብኛል። «የልጁን ፎቶ ሰቀልኩት» ደህና ነው፤ «ልጁን ሰቀልኩት» ግን ያስደነግጣል። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ወገን ያደላል። ሰቀለ ከጥንትም ከፍ ማድረግ ነው። ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል። ነጋዴ ዋጋ ይሰቅላል። ፎቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር መሆኑን ደግሞ ማን ያስተባብላል? ከላይ ያለው «አወረደ» ተብሎ ሲወርድ፣ ወደ ላይ የሄደው «ሰቀለ» ቢባል ጥንዱ ገጠመ። የጭነትም ተቃራኒ ማውረድ ነው ብዬ ልከራከር እችላለሁ፤ ጭነት ይወርዳልና። ነገር ግን የእርስዎ መተግበሪያ «ጫን»ን ለአንድ ሥራ ከያዘው ለሌላው መድገም ተጠቃሚን ማደናገር ነው። ስለዚህ፣ ደስ ሳይለኝ፣ ለፋይል «ይስቀሉ» ይበሉ።

ለሕዝብ የሚወጣ ከሆነ ግን ሁለቱንም ይተዉ። ሰው የሚለው «ለቀቀ» ነው። «ዘፈኑን ትናንት ለቀቀው»፣ «ቪዲዮ ለቋል»። ጽሑፍ ከሆነ «ለጠፈ»። ፋይሉን ወደ ላይ መላክና ነገሩን ለሰው ማውጣት አንድ ሥራ አይደለም፤ አማርኛ ይህን ለይቶ ይዞታል።

ቁልፏ ግን አልተፈታችም። የማጥበቂያ ምልክት አለን፤ በፊደሉ ራስ ላይ የሚደረጉ ሁለት ነጥቦች ናቸው። ፊደላችን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገባ፤ ምልክቱም በ2005 ተጨመረ። እኔ ይህ ምልክት በየጽሑፉ ቢኖር ደስታዬ ነው። ግን ብዙ የስልክ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ የለም፤ አንባቢውም አልለመደውም። «ገና» የምትለዋን ቃል በዓሉ ናት ወይስ «ገና ነው» የሚባለው ብለን ከዓረፍተ ነገሩ ስንለይ ኖረናል። ቁልፍ ላይ ግን ዓረፍተ ነገር የለም። ለተርጓሚውም ሐረጎቹ ከስክሪኑ ተነጥለው በዝርዝር ነው የሚመጡለት፤ ጎረቤታቸውን ሳያይ ነው የሚተረጉማቸው።

አንድ ነገር ልንገርዎ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አማርኛ አድርጋ አንድ ቁልፍ ላይ «ይጫኑ» የሚል አገኘች። ቃሉን አጥብቃ አነበበችው፤ ልክ ነበረች። ከዚያ አውራ ጣቷን አሳርፋ ተጫነችው። ጥፍሯ እስኪነጣ ድረስ። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ሲነኩት ሌላ ዝርዝር ይከፍታልና ከፈተ። እንደገና ተጫነች፤ እንደገና ሌላ ዝርዝር። «እንቢ አለኝ» ብላ ሰጠችኝ። እሷ ግሱ ያዘዛትን ነው ያደረገችው። ተጫነ ክብደት አለው። ስክሪን ክብደት አይፈልግም፤ መነካት ነው የሚበቃው።

መልሴ እዚህ ላይ ነው። ድሮ ቁልፍ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ ያኔ «ተጫን» ልክ ነበር። የማውዝም «ጠቅ ያድርጉ» ለማውዝ ጥሩ ነው፤ ድምፁን ራሱን ይዞታል። ለስክሪን ግን ነካ አለን። «ለመጫን ይንኩ»። አጭር ነው፣ ይገባል፣ ማንም አይስቅበትም። ሁሉም ሰው «ተጫነው» ማለቱን እንደማይተው አውቃለሁ። «እሱን ተጫነው፣ እታች ያለችውን» እያልኩ ለዘመድ በስልክ ሳስረዳ ራሴን ሰምቼዋለሁ። በንግግር ይሁን፤ ጥብቀቱ ይሰማል። በጽሑፍ ግን «ይንኩ» ይጻፉ።

ሲያልቅ ደግሞ «ኢንስቶል ተደርጓል» የሚለውን ትተው «ተጭኗል» ይበሉ። «መተግበሪያው ተጭኗል» ከተባለ የተጫነው መተግበሪያው ነው። «መተግበሪያውን» ብለው ያቺን «ን» ከጨመሩባት ግን አንድ ሰው ጣቱን አሳርፎበታል ማለት ነውና፣ እሷን ሳይልኩ አንድ ጊዜ ይፈትሹልኝ።