ሞክሼ መሆን ጥፋት አይደለም

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ትንሽ የሂሳብ አያያዝ ድርጅት ከፍቼ በራሴ ስም ሰየምኩት። ስሙ የብዙ ሰው ስም ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ከተማም አለ። ሰሞኑን በዚህ ስም ፈርኒቸር የሚያመርት ትልቅ ኩባንያ በጠበቃው በኩል ማስጠንቀቂያ ላከብኝ። በ15 ቀን ውስጥ ስሙን እንድቀይር፣ የድረ ገጽ አድራሻዬንም እንዳስረክብ ይጠይቃል። ወላጆቼ ያወጡልኝን ስም ልነጠቅ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ መጀመሪያ ይረጋጉ። ማስጠንቀቂያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አይደለም። የአንድ ወገን አቋም ነው። ሆኖም መሳቢያ ውስጥ ከተው አይርሱት።

ስም እንደ ቤት ወይም እንደ መኪና ተጠቅልሎ የአንድ ሰው ንብረት አይሆንም። ሕግ የሚጠብቀው በገዢው አእምሮ ውስጥ ስሙንና ዕቃውን ያገናኘውን ክር ነው። ስለዚህ ዳኛው በዋናነት የሚመረምረው "ስሙ የማን ነው?" የሚለውን ሳይሆን "ገዢ ይደናገራል ወይ?" የሚለውን ነው።

ዴልታ የሚባል አየር መንገድና ዴልታ የሚባል የቧንቧ ዕቃ አምራች በአንድ አገር አብረው የሚሠሩት ለዚህ ነው። ዶቭ የሚባል ሳሙና አለ፤ ዶቭ የሚባል ቸኮሌትም አለ። አምራቾቹ ዝምድና የላቸውም። የንግድ ምልክትም የሚመዘገበው በዘርፍ ተለይቶ ነው። ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የኒስ ምደባ 45 ዘርፎች አሉት። ፈርኒቸር 20ኛው ውስጥ ነው፣ የእርስዎ ሥራ 35ኛው ውስጥ። እዚህ ላይ ግን ይጠንቀቁ። 35ኛው ዘርፍ የችርቻሮ አገልግሎትንም ስለሚይዝ ኩባንያው "እኔም በ35 ተመዝግቤያለሁ" ሊልዎ ይችላል። አይደንግጡ። መዝገቡን አስወጥተው ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ ዝርዝሩን ያንብቡ።

"የራሴ ስም ነው" የሚለው መከራከሪያ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አያድንም። በቅን ልቦና መጠቀም ያስፈልጋል። ኡዚ ኒሳን የሚባል ሰው በቤተሰብ ስሙ የኮምፒውተር ሥራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1994 ኒሳን ዶት ኮም የሚለውን አድራሻ አስመዘገበ። በ1999 የመኪናው ኩባንያ ከሰሰው። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጹ ላይ የወጡትን የመኪና ማስታወቂያዎች ጥፋት አሏቸው፤ ምክንያቱም ሰውየው በሌላው ዝና ተጠቅሟል። አድራሻው ግን በእጁ ቀረ። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል፤ ድካሙን ሳስብ ዛሬም ያሳዝነኛል። እርስዎም የኩባንያውን የፊደል ቅርጽ ወይም ቀለም የሚመስል ነገር ካለዎት ዛሬውኑ ይቀይሩት።

አንድ ስጋት አለኝ። ምልክቱ በሰፊው የታወቀ ከሆነ ጥበቃው ከዘርፉ አልፎ ሊሄድ ይችላል። በአንድ ገበያ ትልቅ መሆንና በሕግ ዓይን የታወቀ መሆን ግን ይለያያሉ፤ ይህን ማስረዳት ያለበት ኩባንያው ነው። የከተማው ስም መሆኑ ትንሽ ይረዳዎታል እንጂ ጉዳዩን አይዘጋም።

የድረ ገጹ ነገር ቀለል ይላል። እንደ ዶት ኮም ላሉ አድራሻዎች ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የክርክር ሥርዓት አለ። ከሳሹ ሦስት ነገር አንድ ላይ ማሳየት አለበት፦ አድራሻው ከምልክቱ ጋር መመሳሰሉን፣ እርስዎ በስሙ ላይ ምንም ሕጋዊ ጥቅም እንደሌለዎት፣ አድራሻውን ያስመዘገቡትና የተጠቀሙበት በክፉ ልቦና መሆኑን። በስሙ የሚጠራና በስሙ የሚሠራ ሰው ሁለተኛው ላይ ያቆማቸዋል። ብቻ "በዚህን ያህል ልሽጥላችሁ" የሚል ኢሜይል እንዳይጽፉ፤ የክፉ ልቦና ማስረጃ አድርገው ያቀርቡብዎታል።

አሁን የምመክርዎት ይህን ነው። የድርጅቱን ምዝገባ፣ የመጀመሪያዎቹን ደረሰኞችና ውሎች ይሰብስቡ። ከ1883 ጀምሮ ያለው የኢንዱስትሪ ንብረት ጥበቃ የፓሪስ ስምምነት የንግድ ስም ባይመዘገብም እንዲጠበቅ ስለሚያዝ፣ መቼ እንደጀመሩ የሚያሳይ ወረቀት ሁሉ ይጠቅማል። ከዚያ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ በአገርዎ የአእምሯዊ ንብረት ጠበቃ በኩል አጭር መልስ ይስጡ።

ኩባንያው "አብረን እንኑር፣ እንፈራረም" ቢል ጥሩ ነው፤ ውሉ ግን የነገውን ሥራ ጭምር ይጥቀስ። ቢትልስ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ኩባንያ የሆነው አፕልና የኮምፒውተሩ አፕል በ1981 ሙዚቃውን ለአንዱ፣ ኮምፒውተሩን ለሌላው ከፍለው ተስማምተው ነበር። በኋላ ኮምፒውተር ሙዚቃ ማጫወት ጀመረ። ጠቡ እስከ 2007 ዘለቀ። እርስዎም ወደፊት የሂሳብ ሶፍትዌር ለመሸጥ ካሰቡ ሳይፈርሙ በፊት ያስጽፉት።