ክፍሉ እንዳለቀ ለምትጽፉ ልጆች

ልጆች፣

የተከታታይ ድራማ አንድ ክፍል አልቆ የባለሙያዎቹ ስም ገና ስክሪኑ ላይ እየወጣ ሳለ ስልካችሁን አንሥታችሁ የምትጽፉትን አነባለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ፣ ሌላ ሰው የቀረጸውን ስቆርጥና ስቀጥል ስለሆነ፣ ተመልካች ምን አለ ማለት ሱስ ሆኖብኝ ቀርቷል። «ዛሬስ አስለቀሱኝ»፣ «ኧረ ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው?»፣ «ደበረኝ፣ መሃል ላይ ተኛሁ»፣ «ደራሲው ይቀየርልን»። በእኛ ጊዜ አስተያየት የሚመጣው በማግስቱ ነበር። ታክሲ ውስጥ፣ መሥሪያ ቤት በሻይ ሰዓት፣ ጎረቤት ቡና ላይ ይወራል፤ ወሬው እኛ ሠሪዎቹ ጆሮ እስኪደርስ ግን ተመልካቹ ከባልንጀራው ጋር ተከራክሮ፣ ወይ ረትቶ ወይ ተረትቶ፣ ማታ የተሰማውን ረስቶታል። እናንተ ትኩሱን ታስቀምጡልናላችሁ። አንዳንድ እኩዮቼ «የስልክ ወሬ» እያሉ ሲያጣጥሉት የማልስማማው ለዚህ ነው።

የምትጽፏቸውን መስመሮች ሳያቸው ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ምስክርነት ነው፦ እዚህ ቦታ ላይ ሳቅሁ፣ እዚህ ጋ ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ፣ ሽማግሌው ሲናገሩ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሁለተኛው ፍርድ ነው፦ የዘንድሮው የማይረባ ነው፣ ዳይሬክተሩ ይባረር፣ ይሄን የጻፈ ሰው ትምህርት ቤት አልገባም። መፍረድ መብታችሁ ነው፤ ሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ያያችሁት ነገር ነው። ነገር ግን ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ ለሠሪውም ለሌላው ተመልካችም ምን ይጠቅማል?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ላንሣ። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» የመጨረሻው ምዕራፍ ሦስተኛ ክፍል እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 2019 ተላለፈ። 82 ደቂቃ የሚፈጅ የሌሊት ጦርነት ነው፤ ለቀረጻው 55 ሌሊት በሰሜን አየርላንድ ብርድ ተሠርቶበታል። ገና ሳያልቅ ከየአገሩ የተጻፈው ግን አንድ ዓይነት ነበር፦ «ምንም አይታየኝም»። የቀረጻው ባለሙያ ፋቢያን ዋግነር በበኩሉ፣ ምስሉ ያን ያህል ጨለማ አይደለም፣ የቀረጽኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፣ ችግሩ ሰው ቴሌቪዥኑን ማስተካከል አለማወቁ ነው የሚል መልስ ሰጠ።

ማን ልክ ነው? ዋግነር ባየበት ስክሪን ላይ ልክ ነበር። እኛ ምስል የምናየው በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በደንብ በተስተካከለ ውድ ሞኒተር ላይ ነው፤ በጥቁሩና በይበልጥ ጥቁሩ መካከል ያለው ስስ ልዩነት ሁሉ ይታየናል። ያው ምስል በኬብል ወይም በኢንተርኔት ሊላክ ሲጨመቅ ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሠዋው ያ ስስ ልዩነት ነው። ጥላው ይደፈንና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ሆኖ ይንቀጠቀጣል። ሳሎኑ ውስጥ አምፖል በርቶ ከሆነ ደግሞ የቀረውንም ብርሃኑ ይበላዋል። አዲስ አበባ ያለው ተመልካች ያየው ከዚህም የባሰ ነበር። ፊልም ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ የተቀዳ፣ ቦታ እንዳይፈጅ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ የተጨመቀ ኮፒ፣ ያውም በቀን በስልክ! ስለዚህ «አይታየኝም» ያለው ሁሉ እውነቱን ነው የተናገረው። ሥራው የተሠራው ለዚያ ሳሎን ነው እንጂ ለሞኒተሩ አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ እኔ ከተመልካቹ ጋር ነኝ። ልብ በሉ፣ ሰዉ ስለ ካሜራ ምንም ማወቅ አላስፈለገውም። የሆነበትን ብቻ ተናገረ፣ በቃ።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ሜይ 5፣ ደግሞ ሌላ መጣ። ዘንዶ በሚበርበት ዓለም፣ በድል ግብዣ ጠረጴዛ ላይ፣ የእኛ ዘመን የወረቀት ቡና ኩባያ ተረስቶ ቁጭ ብሏል። ተመልካች አየው። (እንዴት እንዳለፈ እኔ ይገባኛል፤ ኤዲተር ዓይኑ የሚሄደው የተዋናዩ ዓይን ላይ ነው፤ ጠረጴዛ አይታየውም።) የድራማው ጣቢያ ኤችቢኦ ንግሥቲቱ ያዘዘችው የቅጠል ሻይ ነበር ብሎ ቀለደ፣ በሁለት ቀን ውስጥም ኩባያውን ከምስሉ ላይ አጠፋው። ዛሬ ክፍሉን የሚያይ ሰው አያገኘውም። በዚያው ወር ምዕራፉ በሙሉ «ብቁ በሆኑ ደራሲዎች» እንደገና ይሠራ የሚል አቤቱታ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ምንም አልተሠራም።

ኩባያ ማጥፋትና ምዕራፍ እንደገና መቅረጽ አንድ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ቁጣው ሐሰት ነበር እያልኩም አይደለም፤ አቤቱታው ስድብ ብቻ ስለነበረ ከውስጡ የሚወሰድ ነገር አልነበረም ማለቴ ነው። በአንጻሩ በነዚያው ሳምንታት «ፈጠነብኝ፣ ንግሥቲቱ ከተማውን ስታቃጥል ገና አልተዘጋጀሁም ነበር» ብለው የጻፉ ነበሩ። እነሱ ጣታቸውን ያሳረፉት ሊቆጠር የሚችል ነገር ላይ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ምዕራፎች እያንዳንዳቸው 10 ክፍል ነበራቸው፣ ሰባተኛው 7፣ የመጨረሻው 6። ክፍሎቹ በደቂቃ ቢረዝሙም በአንድ ገጸ ባሕርይ ውሳኔና በሚቀጥለው ውሳኔዋ መካከል የምናርፍበት ሳምንት ጠፋ። «ፈጠነብኝ» ከምትለው ቃል አንድ ደራሲ ይህን ሁሉ መማር ይችላል። «ብቁ አይደለህም» ከሚለው ግን ምን ይማራል?

«ይባረር» ለሚለው ፍርድ ደግሞ አንድ ታሪክ አለኝ፣ ለወጣት ባለሙያዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው። «ብሬኪንግ ባድ» ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተላለፈ «ዝንብ» የሚባል ክፍል አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ዝንብ ሲያሳድዱ ያልቃል። በጀት ስላጠረ በአንድ ቦታ፣ በጥቂት ተዋናይ እንዲሠራ የተደረገ ክፍል ነው። ብዙ ተመልካች ተናደደ፤ ተመልካች ነጥብ በሚሰጥበት አይኤምዲቢ ድረ ገጽ ላይ ከተከታታዩ ክፍሎች ሁሉ ዝቅተኛ ነጥብ ያለው እሱ ነው። በ2013 የተላለፈው «ኦዚማንዲያስ» ደግሞ በዚያው ቦታ ለዓመታት 10 ከ10 ይዞ የቆየ ነው። የሁለቱም ዳይሬክተር አንድ ሰው ነው፣ ራያን ጆንሰን። በዝንቡ ሌሊት በተሰጠው ፍርድ ቢኬድ ኖሮ ሁለተኛውን የሚሠራው እሱ አይሆንም ነበር። እኔ እንደውም ዝንቡን እወደዋለሁ። ሁለት ሰዎች በሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግተው ሊናገሩት የማይችሉትን ነገር ጫፍ ጫፉን ሲነካኩ ማየት ከየትኛውም ተኩስ ይበልጥብኛል። እናንተ ላትወዱት ትችላላችሁ፤ «ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ምንም አልሆነም» ብትሉኝ ግን ደስ ብሎኝ እከራከራችኋለሁ።

አሁን ዋናውን ምክሬን ልናገር፦ የሌላውን ሰው ሳታነቡ የራሳችሁን ጻፉ። ሁለት መስመር ትበቃለች፤ ለማንም ባታሳዩአትም ጻፏት። የሌላ ሰው አስተያየት አንዴ ከተነበበ በኋላ የራሳችሁን የቱ ጋ እንደተዋችሁት መልሳችሁ አታገኙትም። ከአውሮፕላን አደጋ ተርፈው ደሴት ላይ ስለቀሩ ሰዎች የሚተርከው «ሎስት» እ.ኤ.አ. ሜይ 23 ቀን 2010 ሲያልቅ የሆነውን ተመልከቱ። በመጨረሻው ትዕይንት የዋናው ገጸ ባሕርይ አባት፣ የሆነው ሁሉ እውነት እንደነበረ በግልጽ ይነግረዋል። ከዚያ ስም ዝርዝሩ ሲወጣ ኤቢሲ በባሕሩ ዳር የወደቀውን አውሮፕላን ስብርባሪ፣ ሰው የሌለበትን፣ አሳየ። ጣቢያው በኋላ እንዳስረዳው ተመልካቹ ወደ ዜናው ከመሸጋገሩ በፊት ትንሽ እንዲያርፍ ታስቦ የገባ ምስል ነው እንጂ የታሪኩ አካል አልነበረም። ተመልካቹ ግን «ለካ ሁሉም ከመጀመሪያው ሞተው ነበር!» አለ። አንዱ ጻፈው፣ ሌላው አነበበው፣ አባትየው ሲናገር በጆሮው የሰማው ሰው ሳይቀር የራሱን ጥሎ የሰዉን ያዘ። ዛሬም ያን ድራማ አይቶ የማያውቅ ሰው መጨረሻውን ይነግራችኋል፤ ያውም የተሳሳተውን።

የ«ሶፕራኖስ» መጨረሻ በተላለፈበት እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ስክሪኑ በድንገት ጥቁር ሲሆን ብዙ አሜሪካዊ ኬብሉ የተቋረጠ መስሎት ቴሌቪዥኑን ሲነካካ ነበር። እኛ ብንሆን መብራት ሄደ ብለን ሻማ ፍለጋ በተነሣን ነበር! ዋናው ገጸ ባሕርይ ሞተ አልሞተም እየተባለ ለዓመታት ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ለእኔ «ቲቪዬ የተበላሸ መስሎኝ ተነሣሁ» የምትለዋ ትበልጥብኛለች። ያን ጊዜ የሆነውን የምትነግረኝ እሷ ናት።

ላላየ ሰው ታሪኩን ቀድሞ ስለመናገር ብዙ አልላችሁም። ዱባይ ያለች እህታችሁ ክፍሉን የምታየው ሥራ ጨርሳ፣ ዩቲዩብ ላይ ነው፤ ዋሽንግተን ያለው አጎታችሁ ሲያይ እናንተ ተኝታችኋል። የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ»ን የሠርግ እልቂት እ.ኤ.አ. በ2000 ከወጣው መጽሐፍ ያነበቡ ሰዎች እስከ ጁን 2013 ድረስ አፋቸውን ዘግተው፣ በዕለቱ ዘመዶቻቸው ሲጮኹ ካሜራ ደግነው ቀረጹ። እናንተ እስከ ነገ ጠዋት ብትታገሡ ምን ይመጣባችኋል?

ስለ ተዋናዮች ግን ጠንከር ብዬ ልናገር። የ«ብሬኪንግ ባድ»ን ስካይለር የተጫወተችው አና ገን በኦገስት 2013 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣች። ለገጸ ባሕርይዋ የነበረው ጥላቻ ወደ ራሷ ወደ ሴትዮዋ እንዴት እንደተሻገረ፣ ልገድላት የት እንደማገኛት ንገሩኝ እስከማለት የደረሰ ሰው እንደነበረ ጽፋለች። እኛም አገር ክፉ ሆኖ የተጫወተ ሰው ገበያ ላይ ሲሰደብ፣ አንዳንዴም «እግዜር ይይልህ» ሲባል አይቻለሁ። የድሮዎቹ እናቶች ያደርጉት የነበረው በየዋህነት ነው፤ የእናንተ ግን ሰዉን በስሙ ፈልጎ፣ ቤተሰቡ በሚያነብበት ቦታ መጻፍ ነው። ገጸ ባሕርይዋን እንዳሻችሁ ርገሟት፤ እንድትረገም ነው የተጻፈችው። ተዋናይዋን ግን ልቀቋት።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ይመስለኛል። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የምናያቸው የቱርክ ድራማዎች በአገራቸው በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ሆነው ነው የሚተላለፉት። ለውጭ ሲሸጡ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣሉ። ስለዚህ «ምን ዓይነት ደራሲ ነው እዚህ ላይ የሚያቆመው!» ብላችሁ ስትናደዱ፣ ደራሲው እዚያ ላይ አላቆመም። ያቆመው እንደኔ ያለ ሰው ነው፣ ሰዓት እያየ። «ሲተያዩ ብቻ አለቀ» የምትሉትም እንደዚሁ፤ በየሳምንቱ የፊልም ያህል ርዝመት መሙላት ያለበት ሰው ዓይን ለዓይን ማስተያየቱ ይበዛል። ይህን ካወቃችሁ በኋላም «ተሰላቸሁ» ከማለት አትታቀቡ፤ መሰልቸታችሁ እውነት ነው። ቁጣው ማን ጋ እንደሚሄድ ብቻ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ከእናንተ ውስጥ ወደዚህ ሙያ ልትገቡ የምታስቡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሥራችሁ ሲተላለፍ የሚጻፈውን ሁሉ አንብቡ፣ ግን በየመስመሩ አትሩጡ። አንዷ ልጅ «እናትየዋ በሩን ስትዘጋው ስልኬን አነሣሁ» ብላ ጻፈች እንበል። የመጀመሪያ ሐሳባችሁ በሩን መቁረጥ ይሆናል። አትቁረጡት። ወደ ኋላ ተመለሱና ከበሩ በፊት ያሉትን ሁለት ትዕይንቶች ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ። ብዙ ጊዜ የምታገኙት እናትየዋ የምትሄድ መሆኗን ቀደም ሲል ማዕድ ቤት ውስጥ ተናግራ መጨረሷን ነው። ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ የሚጠብቃት ነገር አልነበረም። ማዕድ ቤት ውስጥ የተናገረቻትን ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር አውጧት፣ በሩን ባለበት ተዉትና መልሳችሁ እዩት።