የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሁለቱም ጦር በአንድ ፖስታ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የፖሊ ተማሪ ነኝ። ዩቲዩብ ላይ ትንንሽ ወታደሮች ቀብተው ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጉ ሰዎችን ሳይ ነው የማመሸው። ዋጋውን ስሰማ ግን ላብ ያጠምቀኛል። አሁን ደግሞ ሁሉ ነገሩ በአንድ ትንሽ ሳጥን ወይም በጥቂት ወረቀት የሚያልቅ ርካሽ የጦር ጨዋታ አለ አሉኝ። እውነት ደስ ይላል ወይስ ገንዘብ ያጣ ሰው መጽናኛ ነው? ደግሞስ እዚህ ባህር ዳር ከማን ጋር ልጫወት?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ሌላውን የሚፈታው እሱ ነው።

ትልልቆቹ ጨዋታዎች የተሠሩት ክለብ ላለው ሰው ነው። ዋርሃመር 40,000ን ውሰድ። በ1987 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወጣ፣ ዛሬም ስሙ ከሁሉ ይገናል። አንተ የራስህን ጦር ትገዛለህ፣ ትገጣጥማለህ፣ ትቀባለህ። ተጋጣሚህም እንደዚያው። አንድ ሙሉ ጦር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። እሺ፣ ውጭ ያለ ዘመድ አስቸግረህ፣ ጉምሩኩንም እንደምንም አልፈህ አስገባኸው እንበል፤ ሌላኛውን ጦር ማን ይዞልህ ይመጣል? መደርደሪያ ላይ ደርድረህ አቧራውን ስታራግፍ መኖር ነው።

ትንሹ ጨዋታ የሚበልጠው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ጦር፣ ሜዳው፣ ሕጉ፣ ዳይሱ አንድ ላይ አለ። ከጓደኛህ የሚጠበቀው መጥቶ መቀመጥ ብቻ ነው። ሕጉን እንኳ ማንበብ የለበትም፣ እየነገርከው ይጫወታል። እኔን ከጠየቅከኝ ርካሽነቱ ሁለተኛ ነገር ነው። ዋናው፣ የራሱ ጦር ያለው ሰው ፍለጋ አለመንከራተትህ ነው። ደግሞ መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ባይኖር ምን ገዶህ፤ ሻማ ካለ ጦርነቱ ይቀጥላል።

መጽናኛ ነው ወይ ላልከው፣ በፍጹም። በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኦግር የሚባል ጨዋታ ወጣ። የሠራው ስቲቭ ጃክሰን ነው። የወረቀት ካርታ፣ ትንንሽ የካርቶን ምልክቶች፣ ስስ የሕግ መጽሐፍ፣ በቃ። ዋጋው ሦስት ዶላር አይሞላም ነበር። በአንዱ ወገን ያለው አንድ ግዙፍ፣ ሰው የማይነዳው ታንክ ብቻ ነው። በሌላው ወገን እግረኛው፣ ታንኩ፣ መድፉ ተሰልፎ ማዘዣ ጣቢያውን ይጠብቃል። ግዙፉ ታንክ ሲመታ በአንዴ አይወድቅም። ሰንሰለቱን ስትመታው እየዘገየ ይሄዳል፣ መሣሪያውን ስትመታው አንድ በአንድ ይረግፋል። ስለዚህ ተከላካዩ በየተራው ይጨነቃል፦ ላዘግየው ወይስ መሣሪያውን ላስጥለው? ያ ጭንቀት በውድ ፕላስቲክ አይገዛም።

ሌላም ልጨምርልህ። በ1990 እ.ኤ.አ. እነ ፊል ባርከር ያወጡት ዲ.ቢ.ኤ. የሚባል የጥንት ጦርነት ሕግ አለ። ለእያንዳንዱ ወገን 12 የጦር ክፍል ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ሜዳውም ወርድና ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። አራቱን ያጣ ተሸነፈ። 12 ብቻ ሲሆኑ እያንዳንዷ ታሳሳለች። መቶ ወታደር ያሰለፈ ሰው አንዱ ቢሞትበት ዞር ብሎም አያይ!

አሁን ወደ ሥራው። ምንም ሳትገዛ ጀምር፣ የራሳችንንም ታሪክ ተጠቀም። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ካሳ ኃይሉ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን ገጥሞ አሸነፈ። ጎሹ እዚያው ወደቁ። ካሳ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ይህን በቼዝ ሰሌዳ ላይ ማስፈር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ወገን አራት ጋሻና ጦር የያዘ እግረኛ፣ ሁለት ፈረሰኛ፣ ሁለት ባለ ጠመንጃና አንድ መሪ ስጥ። እግረኛና መሪ አንድ ካሬ፣ ፈረሰኛ ሁለት ካሬ ይሂድ። ከጠላት ጎን የደረሰ ዳይስ ይጥላል፤ 4 እና ከዚያ በላይ ከመጣለት ጠላቱ ይነሳል። ሁለት ሆነው ከገጠሙ ሁለት ዳይስ ይጣላል፣ አንዱ ከሠራ ይበቃል። ያኔ ዕድላቸው ከግማሽ ወደ 75 በመቶ ይወጣል፣ እናም ተጫዋቹ ማንም ሳያስተምረው ጦሩን ማሰባሰብ ይጀምራል። ባለ ጠመንጃው ከሁለት ካሬ ይተኩስ፣ ግን በሚቀጥለው ተራ ይረፍ፤ የዚያ ዘመን ጠመንጃ በአፈሙዙ ነው የሚጎርሰው። መሪው ከወደቀ ጨዋታው አለቀ። ያኔም ጦሩ እንዲሁ ነበር የሚበተነው።

አሰላለፉን ደግሞ ከሰንጠረዥ፣ ከአገራችን የድሮ ቼዝ ውሰደው። የድሮ ሰዎች ሲጫወቱ መጀመሪያ ወረራ አለ። ወረራ ላይ ተራ የለም። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እጃቸው እንደፈጠነ ያንቀሳቅሳሉ። ጉር አምባን በወረራ ጀምረው፤ ጓደኛህ ፈረሰኛውን ወዴት እንደሚልክ በዓይንህ እየሰረቅክ፣ በግራ እጅህ ቡናህን እንዳትደፋ እየተጠነቀቅክ፣ መሪህን ከኋላ ስትሸሽግ ትታየኛለህ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወታደሮቹን ወረቀት ላይ ሳላቸው፣ ግቢ አጠገብ ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት አባዛቸው፣ ለሁለት አጥፈህ ካርቶን ላይ ለጥፋቸው። እግራቸውን ቆርኪ ላይ በኮላ አጣብቅ። ቆርኪውን አትናቀው። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ቁጭ ብለህ የምትጫወት ከሆነ፣ የጣና ነፋስ ያለ ቆርኪ የቆመ ወረቀት አያስተርፍም። ፈረሰኛህ አጠገብህ ያለው ሰው ማኪያቶ ውስጥ ነው የሚገባው። ሲያልቅ ሁሉንም በአንድ ትልቅ ፖስታ ከተህ ቦርሳህ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጅ አለኝ። ካርቶን እየቆረጠ ወታደር ይሠራና ከጎረቤት ልጆች ጋር ያዋጋል። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ አያስቸግረኝም። ግን በዚህ ጊዜ ጦርነት ጨዋታ ይሆናል ወይ እያልኩ ሆዴ ይረበሻል። ልከልክለው? — እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እናቴ፣ ሆድዎ ቢረበሽ አይፈረድብዎትም። ተኩስ የሰማ ሰው ‘ጦርነት’ የሚለውን ቃል እንደ ሌላው ሰው አይሰማውም። ‘ጨዋታ ነው፣ ይተዉት’ ብዬም አላቃልልብዎትም። የዚህ ጨዋታ አመጣጥ ራሱ ከመኮንኖች ዘንድ ነው። ፎን ራይስዊትዝ የተባለ ሰው በ1812 እ.ኤ.አ. ለፕሩሲያ ንጉሥ አሳየው፣ በ1824 ደግሞ ልጁ አሻሽሎ የመኮንኖች መለማመጃ አደረገው።

እኔ ግን አልከለክለውም። ምን እንደሚያዋጋ ግን እጠይቀዋለሁ። የድሮ ዘመን ታሪክ ከሆነ፣ ወይም ከራሱ የፈጠረው ከሆነ፣ ካርታ እያነበበ፣ እየቆጠረ፣ ተራ እየጠበቀ፣ መሸነፍንም እየለመደ ነው። አሁን በቅርብ ያየውን ወይም የሰማውን ከሆነ ደግሞ ወታደሮቹን አይቀሙት። አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ልጅ በአፉ የማይናገረውን በጨዋታ ያወጣል፤ እርስዎ ካላዩት ማን ያይለታል? ከጎረቤት ልጆች መሃል የሚከፋው ወይም ዝም የሚል ካለ ግን እሱ ባለበት ዳማና ገበጣ ይጫወቱ። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ሁሉም ጓደኞቼ ስልካቸው ላይ ተጥደዋል። ብቻዬን መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የአንዱ ወገን ዓላማ ግልጽ የሆነበትን ጨዋታ ምረጥ። እንደ ኦግር፦ ግዙፉ ታንክ ወደ ማዘዣ ጣቢያው ከመሄድ ሌላ ሐሳብ የለውም፣ ስለዚህ አንተ ተከላካዩን ያዝና ታንኩን በአጭሩ መንገድ ንዳው። ጉር አምባን ከሠራህ ደግሞ ለጠላት ጦር በየተራው ዳይስ ጣል፦ 1 እና 2 ባለበት ይቁም፣ ከ3 እስከ 5 በቅርቡ ወዳለው ይሂድ፣ 6 ከመጣ ቀጥታ ወደ መሪህ። ወረራውን ግን ለብቻህ አትሞክረው፣ እጅህን ከእጅህ ጋር ማሽቀዳደም አይሆንም።