የሙያ ምክር፦ የመስታወት በርና መስኮት ቁልፍ መጠገን ብቻውን መተዳደሪያ ይሆናል?

ጥያቄ፦ «የብረታ ብረትና አሉሚኒየም ሥራ ተምሬ፣ ድርብ መስታወት ያላቸው በሮችና መስኮቶች በሚገጥም ድርጅት ውስጥ በረዳትነት እየሠራሁ ነው። ደንበኞች ደውለው እጀታው ላላ፣ ቁልፉ አልዞር አለ፣ መስኮቱ አልከፈት አለ ሲሉ ማንም መሄድ አይፈልግም፤ ሁሉም የሚሮጠው ወደ አዲስ ገጠማ ነው። እኔን ደስ የሚለኝ ግን ጥገናው ነው። በቅርቡ የአንድ በር መቆለፊያ ሙሉውን ቀይረን ጥቂት ወራት ሳይቆይ ያው በር ተመልሶ ጠነከረ። አለቃዬ ‹ዕቃው ነው› አለኝ፤ እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ይህን ሥራ ብቻ ይዤ ብወጣ ያኖረኛል? የቁልፍ ሥራ ሰርተፍኬት ልያዝ? ምን ምን ዕቃ ልግዛ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ያኖርሻል። ግን የምትሸጪው ዕቃ መቀየርን ሳይሆን የብልሽቱን ምክንያት ማግኘትን ከሆነ ነው። ዕቃ መቀየርማ ካቻቢቴ የያዘ ሁሉ ይሞክረዋል። ያ በር ለምን ተመልሶ እንደጠነከረ የሚያውቅ ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ደንበኛም የሚከፍለው፣ ለጎረቤቱም የሚናገረው ስለዚያ ሰው ነው። ስለዚህ ወደ ሰርተፍኬቱና ወደ ዕቃ ግዢው ከመሄዴ በፊት በበሩ ልጀምር።

የፕላስቲክና የአሉሚኒየም በሮች መቆለፊያ ብዙውን ጊዜ አንድ ምላስ ብቻ እንዳልሆነ በሥራሽ ላይ አይተሻል። በበሩ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም የብረት ልምጭ አለ። እጀታውን ወደ ላይ ስታነሺው በልምጩ ላይ ያሉት መንጠቆዎች በአንድ ጊዜ ወጥተው ፍሬሙ ላይ ወዳሉት ተቀባይ ብረቶች ይገባሉ፤ ቁልፉ የሚያደርገው ይህን ሁሉ ባለበት ማሰር ነው። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው መሃል ላይ ያለው ጊርቦክስ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ውስጡም ቀጫጭን ክፍሎች ናቸው። እንግዲህ በሩ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ወረደ እንበል። መንጠቆው ቀዳዳውን ስቶ የተቀባዩን ጠርዝ ይገፋል። የቤቱ ሰው ምን ያደርጋል? እጀታውን በጉልበት ያነሣዋል። ያ ጉልበት በየቀኑ ጊርቦክሱ ላይ ያርፋል፣ አንድ ቀንም ይሰብረዋል። የወረደውን በር ሳታነሡ አዲስ መቆለፊያ ብትገጥሙለት አዲሱንም የሚጠብቀው ያው ነው። የነገርሽኝ ታሪክ ከዚህ ጋር ልክክ ይላል።

ይህን ለመለየት ሲጀመር መሣሪያ የማይፈልግ ፈተና አለ። በሩን ክፍት አድርገሽ እጀታውን አንሺ፣ ቁልፉን አዙሪ፣ መልሺ። (መንጠቆዎቹ ወጥተው ሳለ በሩን እንዳትዘጊው።) ክፍት ሆኖ እንደ ልብ እየሠራ ሲዘጋ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ መቆለፊያው ጤነኛ ነው፤ የተዛባው የበሩና የፍሬሙ አሰላለፍ ነው። ክፍት ሆኖም ከጠነከረ ግን ችግሩ ከውስጥ ነው። ያኔ ሲሊንደሩን (ቁልፉ የሚገባበትን ክፍል) አውጥተሽ ደግመሽ ሞክሪ፤ ከቀለለሽ ጥፋቱ የሲሊንደሩ ነበር። ካልቀለለ እጀታውን ፈትተሽ ባለ አራት ማዕዘኑን ዘንግ ብቻ በፒንሳ ይዘሽ አዙሪው። ቁልቁል የተንጠለጠለ እጀታ ብዙ ጊዜ የራሱ ሞላ ደክሞበት እንጂ ጊርቦክሱ ተበላሽቶ አይደለም። ለዚህ ሲሉ ሙሉ መቆለፊያ የሚያስቀይሩ መኖራቸው በጣም ያሳዝነኛል፤ ደንበኛው የማያስፈልገውን ከፍሏልና።

መንጠቆው የት እየመታ እንደሆነ ካልታየሽ ጫፉን ጠመኔ ቀቢው፤ በሩን ዝጊና እጀታውን በቀስታ ለማንሣት ሞክሪ፣ ከዚያ ክፈቺ። ነጩ ምልክት ከቀዳዳው በታች ካረፈ በሩ ወርዷል። መጀመሪያ ማጠፊያዎቹን ተመልከቺ፤ ብዙዎቹ ከፍታና ጎን ማስተካከያ ቪቴ አላቸው። ማጠፊያው ተስተካክሎም በሩ የሚወርድ ከሆነ ወደ መስታወቱ ሂጂ። የመስታወት ክብደት ለአንድ ካሬ ሜትር በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ነው። ባለ 4 ሚሊ ሜትር ሁለት መስታወት ካሬ ሜትሩ 20 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሸክም ማዕዘኑን እየጎተተ በሩን እንዳያጣምመው፣ በመስታወቱና በበሩ ክፈፍ መካከል የፕላስቲክ ሽብልቆች ይገባሉ፦ አንዱ ታች በማጠፊያው በኩል፣ ሌላው በሰያፍ ከላይ በቁልፉ በኩል። ሽብልቁ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ገጣሚው ጭራሹን ካልከተተው በሩ በቁልፉ በኩል ቀስ በቀስ ይሰግዳል። መስታወቱን የያዙትን ጠባቂ ዘንጎች አውልቀሽ፣ በሩን ወደ ቀጥተኛ ማዕዘኑ መልሰሽ፣ ሽብልቁን በትክክለኛው ቦታ ስታስገቢ፣ ስንት ሰው ተስፋ የቆረጠበት መቆለፊያ በሁለት ጣት ሲነሣ ታያለሽ። በግንበኛነትም በአናጢነትም ብዙ ጥሩ ሙያዎች አሉ፤ ይህ ግን ልፋትሽ እዚያው ፊትሽ ላይ ውጤቱን ከሚያሳይሽ ሥራዎች አንዱ ነው።

አንድ ሌላ ቅሬታም ትሰሚያለሽ፦ «ጠዋት ይዘጋል፣ ከሰዓት በኋላ እምቢ ይላል።» ሰው እየቀለደ አይደለም። ዩፒቪሲ (የበርና የመስኮት ጠንካራ ፕላስቲክ) ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር በየሜትሩ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ይለጠጣል፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት፣ በተለይ ጥቁር ወይም ቡናማ የሆነ በር፣ በከሰዓት ሙቀት ለመንጠቆዎቹ በቂ ክፍተት ላይተው ይችላል። እንዲህ ያለውን በር ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ሄደሽ እዪው። ጠዋት ሄደሽ «ምንም የለውም» ብለሽ ከተመለስሽ ደንበኛሽን አጣሽ። ስታስተካክዪውም ለሞቃቱም ለቀዝቃዛውም ሰዓት የሚሆን ክፍተት ተዪለት።

መስኮት ከበር ይቀላል ብለሽ እንዳትገምቺ። እጀታ መቀየሩማ የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ የአውሮፓ ስሪት መስኮቶች የእጀታ ዘንጋቸው 7 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ነው፣ ወደ ውስጥም በላይ በኩልም የሚከፈቱት ዓይነቶች ደግሞ የሁለቱ ቪቴዎች ርቀት 43 ሚሊ ሜትር ነው። የዘንጉን ርዝመት ግን ሁልጊዜ ለኪ፤ ያጠረ ዘንግ ጊርቦክሱን በጫፉ ብቻ ይዞ ቀዳዳውን ይፍቀዋል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ተዘግቶ ሳለ ጊርቦክሱ የተሰበረ መስኮት ነው፦ እጀታው ይዞራል፣ መስኮቱ ግን ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ የመስኮቱን ክንፍ ቁልፉ ባለበት በኩል ወደ ፍሬሙ አጥብቀሽ ገፍተሽ፣ ከላስቲኩ የሚመጣውን ግፊት አቃልለሽ፣ ዘንጉን በቀስታ ወዲያና ወዲህ አወዛውዢው። አንዳንዴ የቀረችው ጥርስ ለአንድ ጊዜ ትይዝና ይከፈታል። ካልሆነ መስታወቱን አውጥቶ ከውስጥ መድረስ ይመጣል፤ ይህን ልምድ ካለው ሰው ጋር ሳትሠሪ ብቻሽን አትሞክሪው። ፋብሪካ ውስጥ ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ ተደርጎ የጠነከረ መስታወት ፊቱ ብዙ ይችላል፣ ጠርዙ ግን አይችልም፤ በካቻቢቴ ጫፍ ጠርዙን ብትነኪው ሙሉው ይበተናል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ሳታደርጊ ጠባቂ ዘንግ አታውልቂ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ጉም ካየሽ ደግሞ ያ የቁልፍ ጉዳይ አይደለም፤ የመስታወቱ ማሸጊያ ስላለቀ መስታወቱ በልኩ ታዝዞ ይቀየራል። ለደንበኛው በግልጽ ንገሪውና ከፈለገ እንደ ሌላ ሥራ ተዋዋዪ።

ሲሊንደሩን በተመለከተ፣ ከተማርሽው ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ ቶሎ ትለምጂዋለሽ። በበሩ ጠርዝ ላይ፣ በቁልፍ ቀዳዳው ትክክል ያለውን ረጅም ቪቴ ፍቺ፤ ቁልፉን ከትተሽ ጥቂት አዙሪ፤ መሃሉ ላይ ያለችው ጥርስ ከአካሉ ጋር ስትስተካከል ሲሊንደሩ ተንሸራቶ ይወጣል። ልኩን የምትወስጂው ከቪቴው ቀዳዳ መሃል ወደ ሁለቱም ጫፍ ለየብቻ ነው፤ 35 በ45 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ሲገጠም የውጩና የውስጡ ከተዟዟረ አይሆንም። ሲሊንደሩ በውጭ በኩል ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ብቅ ማለት የለበትም፤ ሌባ ይዞ የሚሰብረው የወጣውን ነው፣ የሚሰበረውም የቪቴው ቀዳዳ ባለበት ቀጭን ቦታ ነው። ስትገዢ የአውሮፓን ደረጃ ኢኤን 1303ን ያሟላ ምረጪ፤ ስብራትን የሚቋቋም መሆኑን ግን ለይተሽ ጠይቂ። የማይዞር ሲሊንደር ሁሉ ደግሞ ይቀየር ማለት አይደለም። ግራፋይት ወይም ሌላ ደረቅ ማለስለሻ ሞክሪለት። ዘይት አትጨምሪበት፤ ለቀናት ያለሰልስና አቧራ ሰብስቦ በውስጡ ያሉትን ትንንሽ ፒኖች ያጣብቃል። ግራሶ ቦታው መንጠቆዎቹና ልምጩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕቃ ግዢሽ። ብዙ አትግዢ። ካቻቢቴዎች፣ ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ የጎማ መዶሻ፣ ሰፊ ስስ መሮ ለጠባቂ ዘንጎቹ፣ የተለያየ ውፍረት ያላቸው ሽብልቆች፣ ካሊፐርና ሜትር ይበቁሻል። የመለዋወጫ ክምችት ግን ገንዘብሽን መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ዓይነቱ እጅግ ብዙ ነው። በእሱ ፋንታ የልክ ደብተር ያዢ። በደረስሽበት በር ሁሉ ከእጀታው ዘንግ መሃል እስከ ሲሊንደሩ መሃል ያለውን ርቀት (በዩፒቪሲ በር በብዛት 92 ሚሊ ሜትር ነው)፣ ከልምጩ ፊት እስከ ዘንጉ መሃል ያለውን (35 የተለመደ ነው)፣ የእጀታውን ቪቴዎች ርቀት፣ ልምጩ ላይ የተቀረጸውን ስምና ቁጥር መዝግቢ፣ ፎቶም አንሺ። አምራቹ ሥራ ያቆመበት አሮጌ መቆለፊያ ሲገጥምሽ ተመሳሳዩን ፈልጎ የሚያገኝልሽ ይህ ደብተር ነው። ብዙ ጊዜ ልምጩ ባለበት ቀርቶ ጊርቦክሱ ብቻውን ሊቀየር ይችላል፤ ይህን የሚያቀርብልሽ አስመጪ ወይም ሱቅ ቀድመሽ እወቂ።

ስለ ሰርተፍኬቱ፦ የቁልፍ ሥራ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያል። እንግሊዝ ውስጥ የመንግሥት ፈቃድ አይጠየቅም፤ በአሜሪካ ካሊፎርኒያና ቴክሳስን በመሳሰሉ ግዛቶች ግን ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻልም። የምትሠሪበትን አካባቢ ሕግ መጀመሪያ አጣሪ፤ ግዴታ ከሆነ ሳትይዢ አትውጪ። ግዴታ ካልሆነ አጭር የሲሊንደርና የመቆለፊያ ሥልጠና ብትወስጂ እመክርሻለሁ፣ ግን የገጠማ ልምድሽን አይተካውም። ቁልፍ ሠሪው ሲሊንደር ያውቃል፣ የመስታወት ሽብልቅ አያውቅም። ገጣሚው ፍሬም ያውቃል፣ የተሰበረ ጊርቦክስ መፍታት አይወድም። አንቺ ሁለቱንም ከያዝሽ ሁለቱም ወገኖች ራሳቸው ሥራ ይልኩልሻል።

ከሰው ቤት ቁልፍ ጋር የሚሠራ ሰው ስሙ ሀብቱ ነው። የተቆለፈ ቤት ክፈቺልኝ የሚልሽ ሰው የቤቱ ባለቤት ወይም ነዋሪ መሆኑን ሳታረጋግጪ እጅሽን አታስገቢ። የቀየርሽውን አሮጌ ዕቃ እዚያው አሳይተሽ አስረክቢ፤ የቁልፍ ቅጂ አንቺ ጋር አይቅር። የመኝታ ቤት መስኮት ላይ ቁልፍ ያለው እጀታ ስትገጥሚ በእሳት ጊዜ መውጫው እሱ ሊሆን እንደሚችል ለቤቱ ሰዎች ንገሪ፤ ቁልፉ በቅርብ ይቀመጥ።

ዋጋሽንም ለሁለት ክፈዪው፦ ሄዶ ምክንያቱን ማግኘቱ የራሱ ክፍያ ይኑረው፣ ዕቃና ሥራው የራሱ። እንዲህ ካላደረግሽ በግማሽ ሰዓት፣ ምንም ዕቃ ሳትቀይሪ በሁለት ሽብልቅ ያዳንሽው በር «ምን ሠራሽ?» ያሰኝብሻል፤ ያ ደግሞ ሳያስፈልግ ዕቃ ወደ መቀየር ይገፋፋሻል። ቋሚ ገቢ የሚሰጡሽ ብዙ መስኮት ያላቸው ናቸው፦ አከራዮች፣ ሆቴሎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች። ለእነሱ በየዓመቱ ማጥበቅ፣ ማለስለስና ማስተካከል የሚል ውል አቅርቢ።

አሁኑኑ ከሥራሽ አትውጪ። ማንም የማይፈልገውን የጥገና ጥሪ «እኔ ልሂድ» በዪ፤ የአሠሪሽ ጥሪ ለአንቺ ደመወዝ የሚከፈልበት ትምህርት ቤት ነው። በራስሽ ስም ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የወረደ በር ማንሣት፣ ጊርቦክስ መቀየር፣ የመስኮት ማጠፊያ መቀየርና ተዘግቶ የቀረ መስኮት መክፈት፣ እያንዳንዱን ያለ ረዳት ሠርተሽ ደንበኛው ዳግመኛ ሳይደውል ክረምትና በጋ ያለፈበት ሥራ ይኑርሽ። ለዚያ ለጠነከረው በር ደግሞ ነገ ጠመኔሽን ይዘሽ ሂጂ፤ አለቃሽንም አብሮሽ እንዲያይ ጋብዢው።