አሮጌ ዲቲ ለገዛችሁ ልጆች

ይድረስ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 አንስታችሁ እየገፋችሁ ቤት ላስገባችሁ፣ እንዲሁም ጋራዥ ገብታችሁ ሙያውን ለጀመራችሁ።

እንኳን ደስ አላችሁ። ግብርና ጽሕፈት ቤቱም ጤና ጣቢያውም እርዳታ ድርጅቱም በገጠር መንገድ ዓመታት የደከሙባት ይህች ሞተር 123 ሲሲ፣ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ባለ ሁለት ምት ናት። ቴስታታዋ (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ ቫልቭ የለም፣ የሚሰፈር ካምሻፍት የለም። እጁ የተፈታ ሰው ቴስታታውን፣ ሲሊንደሩንና ፒስተኑን በግማሽ ቀን አውርዶ ይመልሳቸዋል። ጀማሪን የሚያባልገውም ይኸው ቅለቷ ነው፤ ትንሽ ስታጉረመርም ቁልፍ ይዞ መፍታት ያምረዋል። ምክንያቱን ሳታውቁ ሞተር አትክፈቱ። ግሪፕ ያደረገች፣ ማለትም ፒስተኗ ሲሊንደሩን ነክሶ የተያዘባት ዲቲ አዲስ ፒስተን ቢገባላት፣ መጀመሪያ ያስነከሳት ነገር እዚያው እስካለ ድረስ አዲሱንም ትበላዋለች።

ፒስተን ከሚያስነክሱት ነገሮች በዘይት እንጀምር። በባለ ሁለት ምት ሞተር ክራንክሻፍቱ (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ)፣ የቢዬላው (ፒስተኑን ከዘንጉ የሚያገናኘው ክንድ) ኩሽኔታና ፒስተኑ ሌላ ቅባት የላቸውም፤ የሚደርሳቸው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ዲቲ ላይ ይህን ዘይት ከራሱ ማጠራቀሚያ እየሳበች የምትልክ ትንሽ ፓምፕ አለች። ፓምፗ በሞተሩ ዙር ትዞራለች፤ በገመድ ከነዳጅ መስጫው እጀታ ጋር ስለተያያዘች ደግሞ ነዳጅ በጨመራችሁ ቁጥር ዘይቱን ትጨምራለች። አንዳንድ ሰው «አላምናትም» ብሎ ነቅሎ ይጥላትና ዘይቱን ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንከር) ውስጥ በዓይን ግምት ይደባልቃል። እኔ ደግሞ ግምቱን ነው የማላምነው። ፓምፗ ካለች ተዋት። የግድ የምትደባልቁ ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት በመለኪያ ስፈሩ። ከመኪና የወረደ ዘይት ግን ቀርቶ አዲሱ የመኪና ዘይትም አይሆንም፤ አመዱ ካንዴላው (እሳት ሰጪው) ላይና ማርሚታው (የጢስ ማውጫው) ውስጥ ይጋገራል፣ ፋሻውንም (ፒስተኑን የሚከበውን ቀጭን ብረት) ከቦዩ ጋር ያጣብቀዋል።

የዘይት ማጠራቀሚያው አንዴ ደርቆ ከነበረ፣ ወይም ቱቦው ተነቅሎ ከተመለሰ፣ ፓምፗ ውስጥ አየር ገብቷል። ዘይት ሞልታችሁ ብቻ ብትነሱ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩ በደረቁ ይሠራል። ፓምፗ ጎን ላይ ቀጭን ዋሸር ያላት ትንሽ ብሎን ታገኛላችሁ። እሷን ፈታችሁ፣ አረፋ ያልተቀላቀለበት ንጹሕ ዘይት እስኪወርድ ጠብቁና መልሳችሁ እሰሯት። ከዚያ ሰርባቶዮው ውስጥ ከላይ ባልኩት ልክ የተደባለቀ ቤንዚን አድርጉ፣ ሞተሩን በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጡ በዝቅተኛው ዙር) አስነሱ፣ የፓምፗን ገመድ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡና ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ አረፋ መሄዱ እስኪያበቃ ያዙት። በመጨረሻ ልኳን እዩ፦ እጀታውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ የገመዱ ልልነት ባለቀበት ቅጽበት፣ የፓምፗ መዘውር ላይ ያለው ጭረት ከአጠገቡ ካለችው ሚስማር ጋር መግጠም አለበት።

ሁለተኛው አስነካሽ ከማይገባው በኩል የሚገባ አየር ነው። እጀታውን ለቃችሁ ሞተሩ ወዲያው ካልወረደ፣ ከፍ ባለ ድምፅ ከቆየ፣ የሚኒሞዋን ብሎን ለማላላት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ካርቡራተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ከሲሊንደሩ የሚያገናኘውን ጎማ እጠፉና ስንጥቁን ፈልጉ፤ ፀሐይ የመታው ጎማ ከሥር በኩል ይሰነጠቃል፣ ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ጎማው ጤነኛ ከሆነ ወደ ፓራኦሊዮዎቹ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚዘጉት ጎማዎች) ሂዱ። ክራንክሻፍቱ ግራና ቀኝ አንድ አንድ አለው፣ የሁለቱ በሽታም ይለያያል። በቮላኖ (ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ከባድ መሽከርከሪያ) በኩል ያለው ሲያረጅ አየር ያስገባል፤ ሞተሩ ያለ በቂ ቤንዚን ይነድና ይግላል፣ ከቮላኖው ጀርባም የዘይት እርጥበት ታያላችሁ። በፍሪሲዮን (በክላች) በኩል ያለው ሲያረጅ ደግሞ የማርሹን ዘይት ይስባል፤ ማርሚታው በነጭ ጢስ ይሞላል፣ የማርሽ ዘይቱም መሬት ላይ ጠብታ ሳይታይ ይጎድላል። «ፋሻ ጨርሳለች» ተብላ የምትከፈት ዲቲ ብዙ ጊዜ ያለባት ይህ ነው።

ሦስተኛው ከፍታ ነው። በእኛ አገር ከሁሉ የሚረሳውም እሱ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች፤ እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በግምት አንድ አምስተኛ ይሳሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተለካው የካርቡራተሩ ዋና ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ትንሽ ብሎን) ደጋ ስትወጡ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መካኒኩም ጂግለሩን አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያሳንሳል። ልክ ነው። ችግሩ የሚመጣው በዚያው ጂግለር ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ ነው። ታች አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ግን ባለበት ነው፤ ሙቀቱ ሲጨመርበትና ሜዳው ላይ እጀታው ሙሉ ተከፍቶ ሲነዳ ፒስተኑ ይነክሳል። ስለዚህ ቆላ ከመውረዳችሁ በፊት ትልቁን ጂግለር መልሱ። ደጋ ላይ ትንሽ ብትጨስ ምንም አትሆንም።

የዓባይን በረሃ ለብቻው ላንሳው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እጀታውን ዘግታችሁ ማርሽ ይዛችሁ ስትወርዱ ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ይሽከረከራል፣ የምታገኘው ቤንዚንና ዘይት ግን ትንሹን ነው። ዘይቱ ከቤንዚን ጋር የተደባለቀ ከሆነ ይብሳል፤ ቤንዚን ሲዘጋ ዘይቱም አብሮ ይዘጋል። በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮን ያዙና እጀታውን አጭር ከፈት አድርጉ፣ ሲሊንደሩ ይረጥባል። ፍሬኑንም ደርባችሁ አትያዙት። የታንቡር ፍሬን ያለማቋረጥ ከተያዘ ሸራው ይግልና መያዙን ይተዋል፤ ጠበቅ አድርጎ ፍጥነት ማውረድ፣ ከዚያ ለቆ ማናፈስ ነው ዘዴው። ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ሞተሩን አጥፍታችሁ አሳርፉት። ወደ ደጀን ያለው ዳገት የሚጀምረው ከቆላው ሙቀት ውስጥ ነውና ትልቁ ጂግለር የሚያስፈልጋችሁ እዚህ ነው። ከሌላችሁ የካርቡራተሩን መርፌ ክሊፕ አንድ ጭረት ዝቅ አድርጉ፤ መርፌው ከፍ ይልና በመካከለኛው አከፋፈት ቤንዚን ይጨምራል። ለሙሉ አከፋፈት ግን ስለማይረዳ ቀስ ብላችሁ ውጡ።

ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ካንዴላው ነው። በሚኒሞ ቆይቶ የተፈታ ካንዴላ ግን ስለ ጉዞው አይናገርም። ቀና መንገድ ላይ በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ሙሉ ከፍታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ፍሪሲዮን መያዝና ማጥፋት በአንድ ጊዜ ይሁን፣ እዚያው ቁሙና ፍቱት። የተቆላ ቡና ቀለም ያለው ደህና ነው። ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ ብናኝ አሉሚኒየም ከተጣበቀበት ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል፤ አንድ ኪሎ ሜትርም አትጨምሩ። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቷል። አየር ማጣሪያው መደፈኑንም እዩ፤ የስፖንጁን ማጣሪያ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ዘይት ነክታችሁ ጭመቁት። ለዲቲ የሚስማማው ካንዴላ ኤንጂኬ የሚባለው አምራች ቢ8ኢኤስ (B8ES) ነው፤ የጥርሱ ርዝመት 19 ሚሊሜትር፣ የእሳት ክፍተቱ 0.6 ወይም 0.7 ሚሊሜትር። ቢ8ኤችኤስ የሚባለው በውፍረት ይገጥማል፣ በርዝመት ግን አጭር ነው፤ ያልተሸፈነው የቴስታታ ጥርስ ካርቦን ይሞላና ኋላ ትክክለኛውን ስታስገቡ ጥርሱን ይበላዋል። በኤንጂኬ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲበልጥ ካንዴላው ይቀዘቅዛልና 8 ጠፋ ተብሎ 6 አይገባም።

የግድ መክፈት ከመጣ እንዲህ አድርጉ። ፒስተኑን ከመንካታችሁ በፊት የካርተሩን (የክራንክሻፍቱን ቤት) አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት፤ የፒስተኑ ፒን መያዣ ቀለበት አንዴ ወደ ታች ከገባ ሞተሩ ሙሉ ይፈታል። ቀለበቶቹን ሁልጊዜ በአዲስ ቀይሩ፣ ክፍታቸውም ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን። ፒስተኑ አናት ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ያያል። የባለ ሁለት ምት ፋሻ እንደ መኪናው እንዳሻው አይዞርም፤ በቦዩ ውስጥ ትንሽ ሚስማር አለች፣ የፋሻው ሁለት ጫፍ እሷን አቅፎ መቀመጥ አለበት። ጫፉ ሚስማሯ ላይ ወጥቶ ሲሊንደሩ በግድ ከተገፋ ፋሻው ይሰበራል፣ ሲነሳም ሲሊንደሩን ያርሰዋል። አዲስ ፋሻ ስትገዙ መጀመሪያ ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገቡት፣ በፒስተኑ አናት ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ገፍታችሁ ቀጥ አድርጉትና በጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፦ ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ጥሩ ነው። ሲሊንደሩ ከተቧጨረ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚሞረድበት) ይሰፋል፤ ፒስተኖች በ0.25 ሚሊሜትር እየጨመሩ ይመጣሉ። ቶርኖ ቤቱ የሚሰፋው የገዛችሁትን ፒስተን በእጁ ይዞ፣ እሱን ለክቶ ይሁን፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ የሚሠራ ከሆነ ወደ ሌላ ውሰዱት። የቴስታታውን ዳዶ በመስቀለኛ፣ በሦስት ዙር እሰሩ። እስከ 500 ኪሎ ሜትር እጀታውን ከግማሽ አታሳልፉ፣ በአንድ ፍጥነት ብዙም አትቆዩ።

የቀረው ቀላል ነው። ካቴናው (ሰንሰለቱ) ሞተሩ ላይ ሰው ተቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይጫወት፤ የማያያዣው ክሊፕ የተዘጋ ጎን ወደ መሄጃው አቅጣጫ ይሁን፣ ካልሆነ ድንጋይ ሲነካው ይወልቃል። ፑንቲና (የካንዴላውን እሳት የሚያቋርጥ መገናኛ) ያላቸው የቆዩት ዲቲዎች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይከፈታሉ፤ ፑንቲናው ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለ ጥፋቱ የኮንዴንሰሩ ነው። የቆዩት መብራታቸውም 6 ቮልት ነው፣ ባለ 12 አምፖል ስታስገቡ ጭል ጭል ቢል አትገረሙ።

ከጨረታ ስታነሱ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በባትሪ መብራት አመሳክሩ፤ አንድ አኃዝ ከተለየ ምንም ብትረክስ ተዉት። አዲስ አበባ ለምትነዱ ደግሞ ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በሞተር ላይ ጥብቅ ገደብ ስላለ ፈቃዱን ከግዢው በፊት ጠይቁ።

ለመንገድ ቦርሳችሁ ሁለት ካንዴላና መፍቻው፣ ቁጥር 10፣ 12 እና 14 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትልቁና ትንሹ ጂግለር፣ የካቴና ማያያዣ ከነክሊፑ፣ የከመነዳሪ ልጣፊና ማስቲሽ፣ ግማሽ ሊትር የባለ ሁለት ምት ዘይት ይኑረው። ትርፍ የፍሪሲዮን ገመድ ግን ቦርሳ ውስጥ አትጠቅልሉ። ከአሮጌው ጎን ለጎን እስከ መሪው ዘርጉት፣ ሁለቱንም ጫፍ አቧራ እንዳይገባበት በፕላስተር አሽጉና በየአንድ ስንዝሩ እሰሩት፤ አሮጌው ሲበጠስ ሰርባቶዮ ሳታነሱ ጫፎቹን ብቻ ትቀይራላችሁ።